ኦረስትን የሚጠብቀው ምስማር

በፖርት ሄንሊ የበረዶ ሆኪ ሜዳ፣ ከመልበሻ ክፍሉ ወደ በረዶው በሚወስደው ኮሪደር ላይ፣ የአጋዘኖች ቡድን ዋና አሰልጣኞች ፎቶ በተርታ ተሰቅሏል። ሁሉም ፈገግ ብለዋል። ፎቶው የሚነሳው በተሾሙ ቀን ነዋ! የሚሰቀለው ግን በተባረሩ ጊዜ ነው። ክለቡ ይህን "ታሪካችንን ማክበር" ይለዋል።

ታሪክስ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ማኬንድሪክ በተናደደ ቁጥር ጫማውን አውልቆ ይወረውር ነበር፤ አንድ ቀን ጫማው የክለቡ ባለቤት ሚስት ላይ አረፈና ተሰናበተ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ባለሪዝ ሰውዬ አየር ማረፊያ ላይ አባረሩትና አውሮፕላኑ ላይ ቦታ የለህም ብለው በአውቶቡስ ሸኙት። ሌላው "አብዮት አመጣለሁ" ብሎ ገባ፤ የለወጠው ነገር ቢኖር የመልበሻ ክፍሉን ቀለም ነው። ይሁን፣ ቀለሙ ጥሩ ነበር።

ኦረስት ማኮቪች ከእነዚህ ሰዎች ለሚበዙት ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ አገልግሏል። አንዱ በተባረረ ቁጥር "እስከዚያው ድረስ ያዝልን" ይሉታል። ይይዝላቸዋል። ቡድኑ ያሸንፋል። ከዚያ ስመ ጥር ሰው ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ይመጣል፣ ኦረስትም ልምምድ ወደማሰናዳቱ ይመለሳል። ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ! ጊዜያዊ አሰልጣኝ ደግሞ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም።

"እኔ ለስም አልሠራም" ይላል ለጠየቀው ሁሉ። ለስም የማይሠራ ሰው ግን በዚያ ኮሪደር ባለፈ ቁጥር ፎቶዎቹ ሥር ቆሞ ክራቫቱን አያስተካክልም። ከፊቱ "ጊዜያዊ" የምትለዋ ቃል ተነስታለት፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዋና አሰልጣኝ ቢባል ሌላ ምኞት አልነበረውም። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ዳርሊን ብቻ ናት።

በዚህ ዓመት የገና በዓል ሳይደርስ አንዱ ተባረረ። ሥራ አስኪያጁ ብሬት ካላሃን ቦታውን ለሦስት ስመ ጥሮች ቢያቀርብ ሦስቱም አይ አሉት። ያኔ የኦረስት ችሎታ በድንገት ቦግ ብሎ ታየው።

"ዋና አሰልጣኝ ነህ" አለው ቢሮው ጠርቶ።

"ጊዜያዊ?"

"ዋና! ምን ሆነሃል?"

"ምንም። እስቲ ድገምልኝ።"

ዳርሊን አዲስ ክራቫት ገዛችለት። የሜዳው ጥገና ሠራተኛ ማርሴል ደግሞ ፎቶ አንሺው ፊት ቆሞ ሲያየው፣ "ሹመት ያዳብር!" አለው። "ብቻ ብዙ አትሳቅ። ኋላ ተሰቅለህ ስትታይ ያስጠላል።"

"ሂድ ከዚህ፣ ሟርተኛ!"

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። ኦረስት ምን ይበላል? ለአንድ ወር ያህል አሸነፈ፣ ከዚያ ግብ ጠባቂው ብሽሽቱን ታመመ። ተተኪው ግብ ጠባቂ ያቺ በዱላ የምትመታ ጥቁር ጎማ ስትመጣ እንደ ጨዋ ሰው ዞር ብሎ የሚያሳልፋት ዓይነት ነበር። ሽንፈት ሽንፈትን ወለደ። በመጨረሻም ካላሃን ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ፣ "በኦረስት ላይ ሙሉ እምነት አለን" አለ።

በዚያ አገር ሆኪ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ከንፈሩን ይመጥጣል። ሙሉ እምነት የተጣለበት አሰልጣኝ ቅዳሜን አያይም። በዚያው ዕለት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሃልቮርሰን ድንችና ሥጋ በአይብ ጋግራ መጣች፤ ለቅሶ ቤት ሲኬድ የሚያዘውን።

"ማን ሞተ?" አላት ኦረስት በሩን ከፍቶ።

"ዜናውን አላየህም እንዴ?"

"አይቻለሁ። ሙሉ እምነት አለን ነው ያለው።"

"እኮ!" አለች ወይዘሮዋ፣ ሳህኑን እጁ ላይ እያኖረች። "እግዜር ያጽናህ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ይህ ሰው የሌሎቹን መባረር ከሁሉ ቀድሞ የሚያሸት ሰው ነበር። የራሱ ሲሆን አመነ፤ እንደ ሕፃን አመነ።

ሐሙስ ጠዋት ኮሪደሩ ውስጥ ማርሴልን መሰላል ላይ አገኘው። ከመጨረሻው ፎቶ ጎን አዲስ ምስማር ተመቷል።

"ይሄ ምንድነው?"

"ምስማር።"

"ምስማር መሆኑ ጠፍቶኝ ነው?"

"ታዲያ ምን ልበልህ ወንድሜ? ከቢሮ ዛሬ ይድረስ አሉኝ። እኔ ያባረርኩህ አስመሰልከው እኮ!" አለ ማርሴል፤ ግን ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

ካላሃን "አዲስ ድምፅ ያስፈልገናል" ብሎ አሰናበተው። ኦረስት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ። መባረሩን ለምዶታል፣ የሌሎቹን አይቶ አይቶ ጠግቧል። ያንገበገበው ማመኑ ነው፤ አፈረ።

በማግስቱ የወይዘሮዋን ድንች እየበሉ ሳለ ስልክ ጮኸ።

"ኦረስት! እንዴት ነህ ወዳጄ?" ካላሃን ነው።

"ተባርሬአለሁ። አንተስ?"

"ስማኝማ፣ አዲሱ ሰውዬ ከስዊድን ነው የሚመጣው፤ የሥራ ፈቃዱ አላለቀም። ረዳቶቹን ደግሞ ካንተ ጋር ጠራርገን አስወጣናቸው። የነገውን ጨዋታ የሚመራ ሰው የለም።"

"እና?"

"እና እስከዚያው ድረስ... ታውቀው የለ?"

"አላውቀውም። በአፍህ በለው።"

"ጊዜያዊ አሰልጣኝ።"

"ማንን ነው የምተካው?"

"እ... አንተን።"

ከስልኩ የሚወጣውን የሰማችው ዳርሊን ሹካዋን ወረወረች። "እምቢ በለው! ሰው እንዴት ለራሱ እንጀራ አባት ይሆናል?"

ኦረስት እሺ ብሎ ስልኩን ዘጋና ከቁም ሳጥኑ አዲሱን ክራቫት አወጣ። "ተጫዋቾቹ ልጆች ብቻቸውን ናቸው፣ ዳርሊን።"

"አንተ ሰው፣ ክብር የሚባል ነገር አልፈጠረብህም?" አለች። ቆየት ብላ ግን፣ "ያንን መልሰው። አሮጌውን እሰር። አዲሱን የገዛሁት ለዋና አሰልጣኝ ነው" አለችው።

ስለዚህ ኦረስት ቅዳሜን አየ። ጠዋት ለልምምድ ሲገባ ፎቶው ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ይስቃል፤ ማርሴል እውነቱን ነበር፣ ያስጠላል። አውርዶ ብብቱ ሥር ሸጎጠው።

"እንዴ! የክለቡ ንብረት ነው እኮ!" አለ ካላሃን ከኋላው።

"እስከ ማታ እኔም የክለቡ ንብረት ነኝ" አለና ሳይዞር ሄደ።

በረዶው ዳር ሲደርስ ፎቶውን የተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ አስቀመጠው። "ዋናው ቁጭ ብሎ ይይ" አለው በረዶውን ሲያስተካክል ለነበረው ማርሴል። "ሥራውን ጊዜያዊው ይሠራል።"

ያኔ ይህን የሰማው የቡድኑ አምበል በመጫወቻ ዱላው በረዶውን መታ። ሌላው ተከተለው፣ ከዚያ ሁሉም ይቀጠቅጡት ጀመር። ተጫዋች ቆስሎ ሲነሳ እንዲህ ያደርጉለታል። ኦረስት በኖረበት ዘመን ሁሉ ለአሰልጣኝ ሲደረግ አላየም፤ ተሰቅለው ከሚስቁት ለአንዱም።

"ምን እንሥራ፣ ኮች?" አለው አምበሉ።

ኮች። አሰልጣኝ ማለት ነው፤ ከፊቱ "ጊዜያዊ" የሚል ቃል የለም። ለካስ ተጫዋቾቹ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ በሌላ ስም ጠርተውት አያውቁም። ይህን ያስተዋለው ገና አሁን ነው፤ ዓይኑን በአሮጌው ክራቫት ጠረገና ፊሽካውን ነፋ።