የውሰት አባት

"ማን ብለሽ ነው የምትጠሪው?"

"ዳዲ።"

"ማንን?"

ትንሳኤ ከጎኗ የተቀመጠውን መምህር መልካሙን በጣቷ ጠቆመች። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ሦስቱም እርስ በርስ ተላተሙ። ዓመለወርቅ የልጇን ጣት ይዛ ዝቅ አደረገችው።

"በጣት አይጠቆምም። ዝም ብለሽ ነው 'ዳዲ' የምትይው።"

"አዋስ?"

ትንሳኤ ሰባት ዓመቷ ነው። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ አባቷን ዳልጮን በወላይትኛ "አዋ" ብላ ነው የምትጠራው። ዓመለወርቅ ወደ ውጭ አየች። የነሐሴ ጉም የዳሞታን ተራራ ከአናቱ እስከ ወገቡ ሸፍኖታል።

"አዋ ሥራ ሄዶ ቤሌ ነው። ዛሬ ስለ አዋ አናወራም። ማንም ስለ እሱ ቢጠይቅሽ አላውቀውም በይ። ከዚያ ቦርሳ እገዛልሻለሁ።"

መምህር መልካሙ ክራቫቱን ላላ አደረገ። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኬሚስትሪ ያስተምራል። ከእነ ዓመለወርቅ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቶ መኖር ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

"እትዬ ዓመለወርቅ፣ አሁንም ብናስብበት ይሻላል። ልጅ በጉዲፈቻ ሲሰጥ አውቃለሁ፤ አባት በውሰት ሲወሰድ ግን ገና የእርስዎን አየሁ።"

"የቸገረው እርጉዝ ያገባል ሲባል አልሰሙም፣ መምህር? ለአንድ ሰዓት ነው። ገብተው በእንግሊዝኛ መልሰውልኝ ይወጣሉ፤ አለቀ።"

አለቀ ትበል እንጂ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ዓመለወርቅ ልብስ ሰፊ ናት። አሁን የሚሄዱበትን በእንግሊዝኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ዩኒፎርም መስፋት ከጀመረች አራት ዓመት ሆናት። ክረምት በመጣ ቁጥር እናቶች ልጆቻቸውን እያመጡ ያስለካሉ። እሷ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስትንበረከክ፣ እነሱ ከበላይዋ ሆነው ከልጆቻቸው ጋር በእንግሊዝኛ ያወራሉ። እሷም አሥረኛ ክፍል ደርሳለችና ግማሹን ትሰማለች፤ ግማሹ ያመልጣታል። ያመለጣት ግማሽ ነው ሲያንገበግባት የኖረው። ለሰው ልጅ ስንቱን ሰፍታ፣ ለራሷ ልጅ ግን ከዚያ ጨርቅ አንድ ቀሚስ አልቆረጠችም።

ዓምና ሞክረው ነበር። ትምህርት ቤቱ ልጅ ከመቀበሉ በፊት እናትና አባትን አንድ ላይ ያነጋግራል። ዳልጮ የፋሲካ ኮቱን ለብሶ፣ ከሚነዳው አይሱዙ የጭነት መኪና የተጋባበትን የናፍጣ ሽታ በሳሙና ፈትጎ ሄደ። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር የቤት ሥራዋን ማን እንደሚያግዛት በእንግሊዝኛ ጠየቀው። "የስ" አለ ዳልጮ። ስንት ልጆች እንዳሉት ጠየቀው። "የስ።" ሰውየው ፈገግ ብሎ ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ትንሳኤም ተጠባባቂ ሆና ቀረች፤ ዓመቱን ሰፈር ውስጥ ባለው መዋዕለ ሕፃናት አሳለፈችው። ዳልጮ ከበሩ ሲወጣ "ልጄ በእኔ ቀረ" ብቻ ነው ያለው። ያን ቀን እራት አልበላም።

ዘንድሮ ለአንደኛ ክፍል የቀረው ቦታ ሁለት ነው። ዳይሬክተሯም አዲስ ናት፤ ዳልጮን አታውቀውም። ዓመለወርቅ ቀጠሮው ዓርብ መሆኑን ስትሰማ ለባሏ "ሰኞ ነው" አለችው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን ዳልጮ ዝንጅብል ሊጭን ወደ ቤሌ በወጣ ቁጥር ይከብዳት ጀመር።

በሩ ላይ ዘበኛው ቶማ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው። የዲምቱ ሰው ነው፤ ከዳልጮ ጋር አብረው ነው ያደጉት።

"ዳልጮስ?" አላት።

"ይመጣል፣ ይመጣል" አለችና የልጇን እጅ ጎትታ አለፈችው። ቶማ የሚያብረቀርቅ ጫማ ያደረገውን መምህር አየው፤ የእሷ ዘመድ መሰለው። ከዚያ ሰዓቱን አየና ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

ዳይሬክተሯን ሁሉም ሚስ ሜሪ ነው የሚላት። ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ሦስት ወንበሮች ተደርድረዋል። መምህር መልካሙ መሃል፣ እናትና ልጅ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ሚስ ሜሪ በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ መልካሙም ሳይንተባተብ መለሰ። ዓመለወርቅ የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ እየጠቀለለች የሁለቱን አፍ ታያለች። ከሚባለው የተወሰነውን ያዘች፤ ግቢው ውስጥ ከእንግሊዝኛ በቀር አይወራም፣ በየማታው ወላጅ የልጁን የመልእክት ደብተር አንብቦ ይፈርማል፣ ክፍያው በየሩብ ዓመቱ ነው።

ከዚያ ሚስ ሜሪ ቅጹን አነበበችና ቅንድቧን አነሳች። ወደ አማርኛ ዞረች።

"አቶ ዳልጮ፣ ሥራዎ ሹፌር ይላል። እንግሊዝኛዎ ግን የሹፌር አይመስልም።"

መልካሙ ሳል ሳል አደረገው።

"ተምሬ ነው ሹፌር የሆንኩት። ኑሮው አይደል?"

"እውነትዎን ነው" ብላ ሳቀች ሚስ ሜሪ። "የእኔም ወንድም በኢንጂነሪንግ ተመርቆ ባጃጅ ይነዳል። ትንሳኤ፣ ዳዲን ትወጂዋለሽ?"

"የስ፣ ሚስ" አለች ትንሳኤ፤ ጭንቅላቷንም የመምህሩ ክንድ ላይ ጣል አደረገች።

ይህን ማንም አላስተማራትም። ዓመለወርቅ ደስ ሊላት ሲገባ ዓይኗን ከልጇ አሸሸች። ልጅቷ በሦስት ቀን ልምምድ እንዲህ ከሆነች፣ በዓመት ምን ልትሆን ነው?

"በጣም ጥሩ። ልጅቷ ታስደስታለች፤ ቦታውን አግኝታለች" አለች ሚስ ሜሪ። ሁለት ገጽ ውል ወደ መልካሙ ገፋችለት። "አባት እዚህ ጋ ይፈርማል።"

መልካሙ እስክሪብቶውን አነሳ፤ ግን አልጻፈም። ማውራት አንድ ነገር ነው፤ በሰው ስም መፈረም ሌላ። ዞሮ ዓመለወርቅን አያት። ዓመለወርቅ በዓይኗ "ይፈርሙ" አለችው።

በሩ ተንኳኳ። መልስ ሳይጠብቅም ተከፈተ።

ዳልጮ ነበር፤ ከቤሌ ጭኖ ከተማ ሲገባ ቶማ ደውሎለታል። ያለ ኮት፣ አፈር በጠገበ የጭነት ሸሚዝ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከበሩ እስከ ቢሮው እንደሮጠ ያስታውቃል። ማንንም ሳያይ፣ ዓይኑን ሚስ ሜሪ ላይ ተክሎ፣ እጁ ላይ ያለችውን የተጣጠፈች ወረቀት ዘረጋ።

"ጉድ ሞርኒንግ፣ ማዳም" አለ፤ ቃል በቃል እየረገጠ። "አይ አም ሶሪ፣ አይ አም ሌት። አይ ዊል ሄልፕ ማይ ዶተር ኤቭሪ ዴይ። ማይ ኔም ኢዝ..."

ቀና ሲል ሚስቱን አየ። ከእሷ አጠገብ ክራቫት ያሰረውን ተከራዩን አየ። ከእሱ ወዲያ፣ ጭንቅላቷን የሰው ክንድ ላይ ያሳረፈችውን ልጁን አየ። ስሙን ሳይናገር አፉን ዘጋ።

ዓመለወርቅ ወረቀቷን አወቀቻት፤ የጭነት ደረሰኝ ናት። ጀርባዋ ላይ እንግሊዝኛው በአማርኛ ፊደል ተጽፎባታል። ለሰኞ ሲያጠና ነበር። ቤሌ ደርሶ ሲመለስ፣ መሪ ጨብጦ፣ ብቻውን እየተናገረ ሲያጠና ነበር። ለካ ዓምና የዋጠውን አልረሳውም፤ እሷ ልትደብቀው ስትሯሯጥ እሱ ሊያስተካክለው ሲታገል ነው የከረመው።

"ይቅርታ፣ ማን ልበል?" አለች ሚስ ሜሪ።

ዳልጮ ዓይኑን ልጁ ላይ እንደተከለ ቀረ። ሚስ ሜሪ ግራ ተጋብታ ወደ ልጅቷ ዞረች።

"ትንሳኤ፣ ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?"

ትንሳኤ እናቷን አየች። የተባለችውን ታስታውሳለች። እንደተማረችው መለሰች።

"ኖ፣ ሚስ።"

መልካሙ አንገቱን ደፋ። ዳልጮ ደረሰኙን መልሶ አጣጠፈ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ መታጠፍ እስከማትችል ድረስ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ለዓመለወርቅ ይቀላት ነበር።

"ልክ ነው ልጁ" አለ በሚኮላተፍ አማርኛው፣ ቀስ ብሎ። "አያውቀኝም። እኔ ነኝ ክፍል ተሳስቼ የገባሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሥራ አስፈታሁ።"

ለዳይሬክተሯ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ወደ በሩ ዞረ።

ዓመለወርቅ ገባት። ለልጁ ቦታ ብሎ ልጁን ሊተውላት ነው። ዝም ካለች ሁሉም ነገር ያልቃል፤ መልካሙ ይፈርማል፣ ትንሳኤ መስከረም ላይ ትገባለች፣ ዳልጮም ማታ ቤት መጥቶ አንድም ቃል አይናገርም። ታውቀዋለች፣ ዕድሜ ልኩን አይናገርም። ውሉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከሁለቱ ቦታዎች አንዷ የልጇ ሆናለች፤ የሚቀረው ፊርማ ብቻ ነው።

ሚስ ሜሪ ጣቷን ውሉ ላይ አሳረፈች። "እዚህ ጋ ነው፣ አቶ ዳልጮ።"

በሩ ጋ የደረሰው ሰውዬ ስሙ ሲጠራ እንደ ልማዱ ሊዞር ቃጣውና መልሶ ራሱን ገታ።

ዓመለወርቅ ብድግ አለች። ከመልካሙ ጣቶች መሃል እስክሪብቶውን ወሰደችና ያልተፈረመው ውል ላይ አስቀመጠችው።

"መምህር" አለችው፣ ሚስ ሜሪ በደንብ እንድትሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ከወንበሩ ይነሱልኝ። የልጄ አባት ቆሟል።"