ከካፒቴኑ በስተቀኝ

«ይሄን ካርቶን የት ልጣለው?» አለች የልብስ ሰፊዋ ባል እህት፣ ካርቶኑን በሁለት እጇ አቅፋ በሩን በትከሻዋ እየገፋች። «ሰው መቀመጫ አጥቶ በረንዳ ላይ ቆሟል፣ ይሄ ጠረጴዛውን ሙሉ ይዞት!»

«እንዳትጥይው፣ እታለም» አለች ልብስ ሰፊዋ ከተቀመጠችበት። ድምፅዋ ከባሏ ቀብር ወዲህ እንደተዘጋ ነው።

«እሺ። ለመሆኑ ምንድን ነው?»

«የጠፈር መርከብ።»

የባል እህት ካርቶኑን ዝቅ አድርጋ አየችው። ከክብሪት ቀፎ የተቆረጡ ወንበሮች፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የተሠሩ መሣሪያዎች፣ የሲጋራ ብር ወረቀት የተለጠፈበት መስኮት። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚናገረው አይያዝበትም ብላ ነው መሰለኝ፣ ወስዳ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው።

እውነቱን ለመናገር ሙሉ መርከብም አይደለም፤ መርከቡ የሚመራበት ክፍል ብቻ ነው። ሟቹ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ይዘጋና ከሁለት ወዳጆቹ ጋር ሳሎን ቁጭ ብሎ፣ የትም በማይበር መርከብ ውስጥ ማን የት እንደሚቀመጥ ይወስናል። ሞተሩ ምን እንደሆነ፣ መርከቡ ወዴት እንደሚሄድ ግድ የላቸውም። መሪውን የያዘው ሰው ዞር ሳይል ካፒቴኑን ያየዋል ወይ? በሩ ሲከፈት የማንን ክርን ይመታል? በዚህ ብቻ ጀንበር እስክትጠልቅ ይነታረካሉ። መጀመሪያ በካርቶን ይሠሩታል። ከዚያ ሳሎኑ ወለል ላይ በጠመኔ ያሠምሩና የቤቱን ወንበር ሁሉ ደርድረው ይቀመጡበታል። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ በየተራ «አለሁ» ይላል። አንድ ሰው «አለሁ» ሳይል ከቀረ መርከቡ አይነሳም፤ ሕጉ እንዲህ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ከጎን ክፍል መኪናዋን እየረገጠች «ዕቃቃችሁን ስትጨርሱ ወለሉን ጥረጉ» ትላቸው ነበር። ከፍቷት አይደለም። የሸሚዝ ቁልፍ ሲያልቅባቸው ከመሳቢያዋ የምትሰጣቸውም እሷ ነበረች። አንድ ቀን ብቻ፣ ሻይ ልታቀርብለት መጥታ ካርቶኑ ላይ እንዳቀረቀረ ስታየው «እኔስ በዚህ መርከብ ውስጥ አለሁበት?» ብላ ጠየቀችው። ሙጫ እየቀባ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «አለሽ እንጂ» አላት። የት ብላ አልጠየቀችም። የማባበል መሰላት።

አሁን ቤቱ ሰው በሰው ሆኖ ሳለ የሚከነክናት ይኸው ነበር። ባሏ ፊቱ የሚያበራው እዚያ ካርቶን ላይ ሲያቀረቅር ነው። እዚያ ውስጥ እሷ ነበረች ወይስ አልነበረችም? ሰው ቢሰማ ይስቅባታል። ባሏ የሞተባት ሴት በካርቶን መርከብ ሆድ ሲብሳት ምን ይባላል?

ለቅሶ ደራሹ ይገባል፣ ይወጣል። ቡና ከፔርሙዝ ይቀዳል። ከወደ በሩ ሁለት ጎረቤቶች በሹክሹክታ ያወራሉ።

«ደግ ሰው ነበር።»

«ደግስ ደግ ነበር። ብቻ ኩራት ቢጤ ነበረበት። አንዳንዴ ሰላም ስትይው ጭራሽ እንዳላየሽ ያልፋል።»

ልብስ ሰፊዋ ሰማቻቸው። ባሏ ኩራት አያውቅም። ግራ ጆሮው አይሰማም ነበር። ሱቁን በከፈተ ሰሞን ታሞ፣ ትኩሳቱ ሲለቀው ጆሮውን ይዞበት ሄደ። «ማን ነው ለደንቆሮ ሬዲዮ የሚሰጠው?» ብሎ ከእሷ በቀር ለማንም ሳይናገር ኖረ። ሁለት ድምፅ ማጉያ ያለው ቴፕ ሲመጣለት ስፌቷን ያስጥላትና «ነይ እስቲ፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው?» ይላታል። እሷም መሃል ቆማ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። መንገድ ሲሄዱ በቀኙ፣ ሰው ቤት ሲቀመጡ በቀኙ፣ አልጋም ላይ በቀኙ ናት። ሰው የተናገረውና እሱን ያመለጠው ነገር ካለ ጠጋ ብላ በቀኝ ጆሮው ሹክ ትለዋለች። ከቀብር ሲመለሱ እንኳ መንገዱን ለቃ አጥር አጥሩን ስትሄድ የባሏ እህት «ምነው ግድግዳ ተጠጋሽ?» ብላታለች። በግራዋ ለእሱ ቦታ ትታለት እንደነበር ያስተዋለችው ያኔ ነው።

በማግስቱ ሁለቱ ወዳጆች መጡ። አንዱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ አንዷ የጥርስ ሐኪም። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆመው ነበር እንጂ አልቀረቧትም። እየተግደረደሩ ገብተው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እትዬ፣ እግዜር ያጽናዎት» አለ ሹፌሩ። «ምን እንደምል እንጃ። ካፒቴናችን ነበር።»

«የምን ካፒቴን?» አለች የባል እህት። «ወንድሜን የት ነው የምታውቁት?»

«የአውቶቡሴን ሬዲዮ ላሠራ ሱቁ ሄጄ ነው። ካርቶኑን አየሁና ‹በሩ ቦታው አይደለም፣ የሚወጣና የሚገባ ሰው ይጋጫል› አልኩት። ሬዲዮኑን ትቶ ወንበር ሳበልኝ። ሬዲዮኑ እስከ ዛሬ አልተሠራም።»

ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። የጥርስ ሐኪሟም ደፈረች።

«እኔን ያስገባኝ ደግሞ ወንበር ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ወንበር ላይ አጋድሜ ስለምውል፣ እጅ የት ድረስ እንደሚደርስ አውቃለሁ። በኛ ምክር ስንቱን ነገር ለውጧል! ያቺን አንዷን ወንበር ግን...»

«ኧረ ተያት!» አለ ሹፌሩ። «በእሷ የተነሳ ስንት ቅዳሜ ተጨቃጨቅን!»

«የትኛዋን ወንበር?» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከቀብሩ ወዲህ ስለ ምንም ነገር ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ሐኪሟ ተነስታ ካርቶኑን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደችና ጉልበቷ ላይ አኖረችላት።

«ይቺውልዎት። ከካፒቴኑ በስተቀኝ፣ ክርኑ ሥር ሽጉጥ ብላ። በሠራው መርከብ ሁሉ ውስጥ አለች። የምትነካው ቁልፍ የላት፣ መስኮቱ አይታያት። በግራው በኩል፣ ከመሪ ያዡ ጀርባ፣ ይሄን የሚያህል ባዶ ቦታ እያለ ‹ወደዚያ እናዙራት› ስንለው አሻፈረኝ ይላል። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ሥራው ምንድን ነው ብዬ አንድ ቀን አፋጠጥኩት። ‹ያልሰማሁትን ይነግረኛል› አለኝ።» ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። «እንዴት ያለ ጥበብ ነው! መሪ የሆነ ሰው አጠገቡ እውነቱን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል ማለቱ እኮ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ለሠራተኞቼ ሁሉ ተናግሬዋለሁ።»

የልብስ ሰፊዋ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። የባል እህት ለቅሶ መጣ ብላ ውሃ ልታመጣ ተነሳች። የመጣው ግን ሳቅ ነበር፤ ከሆዷ የወጣ፣ እንባዋን እያፈሰሰ፣ በረንዳ ያሉትን ሁሉ ያዞረ ሳቅ።

«ጥበብ አይደለም፣ የኔ እናት» አለች ትንፋሿን ሰብስባ። «ግራ ጆሮው አይሰማም ነበር።»

ሐኪሟ ወደ ሹፌሩ ዞረች።

«ምን?» አለ ሹፌሩ።

«ግራ ጆሮው ምንም አይሰማም። ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ።»

ሹፌሩ ብድግ አለ። «እኔ እኮ መሪ ያዥ ነኝ! እንደ አውቶቡሴ ብዬ በግራው ነበር የምቀመጠው! ‹ካፒቴን፣ ፍጥነት ልጨምር?› እለዋለሁ፣ ዝም። ‹ካፒቴን፣ ልታጠፍ?› ዝም። ንቆኝ ነው እያልኩ ሚስቴ ዘንድ ስንቴ አማሁት!»

«ለግድግዳ ነበር ስታወራ የኖርከው» አለች ሐኪሟ። መሳቅም ማልቀስም አቅቷት መነጽሯን አወለቀች።

የባል እህት የውሃውን ብርጭቆ እንደያዘች በሩ ላይ ቀርታለች። «ጠርቼው ዝም ሲለኝ ያኮረፍኩትስ?» አለች። «ያ ሁሉ ኩርፊያ በጆሮው ነው እንዴ? ምነው ለእኔ እንኳ ቢነግረኝ!» ያመጣችውን ውሃ ራሷ ጠጣችው።

ልብስ ሰፊዋ ጣቷን ወደ ካርቶኑ ሰደድ አድርጋ ያቺን የክብሪት ቀፎ ወንበር ነካች። በሙጫ ጥብቅ ብላለች። በሠራው መርከብ ሁሉ ውስጥ አለች፤ ሁለት ሰው እየተከራከረው፣ ምክንያቱን መናገር እያቃተው፣ ወንበሯን ከቀኙ አላስነሳም። ከምድር ለቆ በሄደበት ሁሉ ይዟት ሄዷል።

«አለሁበት» አለች ለራሷ። ከዚያ ጮክ ብላ «ተመስገን» አለች። ሰው በለቅሶ ቤት የምን ተመስገን ነው ብሎ ተያየ። እሷ ግን ደገመችው። ስለ ባሏ፣ አጥር ጥግ ለጥግ ስለሄደችበት ዕድሜ፣ ያቺን ወንበር አምጥተው ስላሳዩዋት ስለእነዚህ ሁለት ጉደኞች አመሰገነች።

ለቅሶው አበቃና ከጎረቤት የመጡት ወንበሮች ሊመለሱ በረንዳ ላይ ተደረደሩ። ሹፌሩና ሐኪሟ ሲያግዙ ውለዋል። ሹፌሩ አንድ ወንበር አንስቶ መልሶ አስቀመጠ።

«እትዬ... ይቺን የመጨረሻዋን መርከብ ገና አልተቀመጥንባትም። ወንበሮቹ ሳይሄዱ እንዲያው...» ጨርሶ ለመናገር አፈረ።

«ጠመኔው መሳቢያው ውስጥ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«በለቅሶ ቤት ዕቃቃ!» አለች የባል እህት። መስመሩን ሲያሠምሩ፣ ወንበሩን ሲያመጡ ክንዷን አጣጥፋ ቆማ አየቻቸው። ሲያበቁ «እኔስ የት ልቀመጥ?» አለች።

«በሩ ጋ» አለች ሐኪሟ። «በር የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ ይጎድለን ነበር።»

መሃል ላይ የእሱን ባለመደገፊያ ወንበር አኖሩት። ማንም አልተቀመጠበትም። ሹፌሩ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ሄደ፣ ቆመ፣ አሰበ፤ ወንበሩን ተሸክሞ ዞሮ በቀኝ በኩል ከፊት አስቀመጠው።

«እዚህ ይሰማኛል» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ባዶውን ወንበር ዞራ መጥታ በስተቀኙ ተቀመጠች።

«አለሁ» አለ ሹፌሩ ከፊት።

«አለሁ» አለች ሐኪሟ።

«አለሁ... መሰለኝ» አለች የባል እህት ከበሩ።

ከዚያ ሁሉም ጠበቁ። ልብስ ሰፊዋ ወንበሯን ክርኑ ያርፍበት እስከነበረው ድረስ አስጠጋችው። እንደ ሁልጊዜዋ አፏን በእጇ ከለል አድርጋ ወደ ባዶው ወንበር ዘንበል አለችና፣ አንድ ጆሮ ብቻ እንዲሰማው ቀስ ብላ «አለሁ» አለችው።