የእመቤት ኦትሊ ወፎች

«ባሌ ተነሥቶ እንዲሄድ ልለምን፣ ወይስ መቀመጡን እንዲቀበለው?»

ቃሉ እንዲህ የነበረ ይመስላታል። አቬሪል ያኔ ልጅ ናት፤ ከጸሎት ቤቱ ጓዳ በር ኋላ ቆማለች፤ እናቷ እግሩ ስለከዳው አባቷ ሰባኪውን ትጠይቃለች፤ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ሰባኪው ምን ብሎ እንደመለሰ አልሰማችም። እናቷ፣ «እሱማ ይከብዳል» ማለቷን ብቻ ታስታውሳለች፤ እሱንም በእርግጠኝነት አይደለም። መልሱ ያመለጣት ልጅ የራሷን መልስ አበጀች፦ ከእግዚአብሔር ሲለምኑ ትልቁን ነው፤ ትንሹን መለመን እሱን ማሳነስ ነው።

በዚሁ እምነት ፀጉሯ ሸበተ። የምትኖረው ስካርዌል በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ነው፤ ለጸሎት ቤቱ የመንበርከኪያ ትራስ እየሰፋች፣ ከመጽሐፍ ላይ እያየች ራሷን ያስተማረች ሰፊ ናት። ከተማዋ በየመከሩ የንግሥት ቪክቶሪያን ዘመን ልብስ ለብሳ ለሰልፍ ትወጣለች። ሥጋ ሻጩ ረጅም ባርኔጣ ይደፋል፤ የባንክ ጸሐፊዋ ትንፋሽ እስኪያጥራት ወገቧን ትጠፍራለች፤ ሁሉም በባሕሩ ዳር ይንጎራደዳል። አቬሪልና ባልንጀራዋ ተርዛ ከዚያ ሰልፍ ቀርተው አያውቁም። አቬሪል ትሰፋለች፣ ተርዛ ትለብሳለች።

ዘንድሮ የመረጡት እመቤት ኦትሊን ነው። ተረቷን የከተማው ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ዘመን ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ ሲባል ወፍ ይገደል ነበርና፣ እመቤት ኦትሊ ወፎቹን ከባርኔጣ ሠሪው ሰርቃ ትደብቃለች። የት? የዘመኑን ቀሚስ ከወገብ በታች ወደ ኋላ የሚያስነሣው የሽቦ ቀፎ አይደል፤ እዚያ ውስጥ! ቤተ መንግሥት ተጠርታ እጅ ልትነሣ ጎንበስ ስትል ቀፎው ይከፈትና ወፎቹ በንግሥቲቱ ራስ ላይ ይበራሉ።

ይህን ያሰቡት በግንቦት ነበር። በሐምሌ ተርዛን ስትሮክ መታት፤ ግራ እግሯ ከዳት፤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለች።

አቬሪል መስፋቱን አልተወችም። አረንጓዴ ከፋይ ቆረጠች፤ ቀለሙ ጠቆር ብሎ እንዲታይ የጨርቁን ፀጉር ወደ ላይ አድርጋ። ሽቦ አጠፈች። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ድንቢጥ፣ ዋኔ፣ ደረቷ የቀላ ትንሽ ወፍ ሰፋች። ተርዛን ግን አልለካቻትም። ባምናው ልክ ሠራች፣ በቆመችው ሴት ልክ። ይህንንም እምነት ነው አለችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ቀሚሱን ታቅፋ ስትደርስ በሩን የከፈተላት የተርዛ ባል ክሌም ነው።

«ድንኳን ነው ያመጣሽልን?»

«ይልቅ እጅህን ታጠብ፤ ዓሣ ዓሣ ትሸታለህ።»

ተርዛ ወፎቹን አንድ በአንድ አገላብጣ አየች። «ይቺ ዋኔ ቁርጥ ሰባኪያችንን!»

«በሆዷ?»

«በሆዷም በኩርፊያዋም።»

ተሳሳቁ። ከዚያ ክሌምና አቬሪል ደግፈው ቀሚሱን አጠለቁላት፤ ቀፎውን ከኋላዋ አስተካክለው አስቀመጧት። ሽቦው ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ተጋጭቶ ወደ ፊት ገፋት፤ አገጯ ጉልበቷን ሊነካ ምንም አልቀረው። ከፋዩ ከኋላዋ ተቆለለ።

«ግድ የለም» አለች አቬሪል ቶሎ ብላ። «ለሰልፉ ትቆሚያለሽ። በየጠዋቱ እየለመንኩልሽ ነው።»

ተርዛ ቀሚሱን እንዲያወልቁላት ምልክት ሰጠች። ሲያወልቁላት ትንፋሿን ሰበሰበች።

«አቬሪል፣ ይሄን ለማን ነው የሰፋሽው?»

«ላንቺ ነዋ!»

«ለኔ አይደለም። እኔ እዚህ ተቀምጫለሁ። ከሐምሌ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያወራው ልትቆም ነው ከምትባለዋ ሴትዮ ጋር ነው። ሐኪሙም፣ ክሌምም፣ አንቺም። እኔን እንዴት ዋልሽ ያለኝ የለም። ለሰልፉ እሷን ይዘሻት ሂጂ፤ እኔ ቤቴ እቀመጣለሁ።»

ክሌም ሻይ ላፍላ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ።

አቬሪል ቀሚሱን ጭኗ ላይ አጠፈች። «መለመኔን ልተው?»

«ለምኚ እንጂ! ማን ተዪ አለሽ? እግዚአብሔር የራሱን ሥራ ያውቃል። አንቺ ሰፊ ነሽ። እኔን ለኪኝ።»

«ትርፍ ጨርቅ የለኝም። የኋላውን ከቆረጥኩት ስትቆሚ የምትለብሺው አይኖርም።»

«ስቆም ራቁቴን አልሄድም፤ ሱሪ አለኝ።»

«ደግሞ ከፋይ ነው፤ ከተተረተረ የመርፌው ጠባሳ አይለቀውም። ይታያል።»

«ይታይ!» አለች ተርዛ። «ቀፎውን ከወንበሩ ጀርባ ላይ እሰሪልኝ። የቀፎውን መክፈቻ ገመድ የሚገፋኝ ሰውዬ ይሳብ፤ ወፎቹ ከዚያ ይውጡ።»

«የሚገፋሽ ሰውዬ ደግሞ ምን ይልበስ?» አለ ክሌም ከጓዳ።

«ባርኔጣ ሠሪው ነሃ!»

«ወፍ ገዳዩን?»

«ፊትህ ይበቃል።»

አቬሪል ልትስቅ ፈልጋ እንባ ቀደማት። ሜትሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ወንበሩ ሥር በርከክ አለች። ከወገብ እስከ ጉልበት ለካች፤ ከጉልበት እስከ እግር ማሳረፊያው። ከሐምሌ ጀምሮ ያንን ግራ እግር ነክታው አታውቅም ነበር። ቀዝቅዟል። ሜትሩን ይዛ እጇን እዚያው አቆየች።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ሰኞ እቆርጠዋለሁ።»