የክራንቻው ርዝመት

ወርቄ አስከሬን ክፍል ገብታ ከሁለቱ አስከሬኖች አንዱን ከመረጠች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ባሏ ያደሳ ከባልደረባው ከኢብራር ጋር እየተፈራረቀ የሚነዳው የነዳጅ ቦቴ ተገልብጦ ተቃጠለና ሁለቱን ሾፌሮች መለየት ጠፋ። ቁመታቸው እኩል፣ ሁለቱም መንጋጋ ጥርሳቸውን የተነቀሉ። ወርቄ ግን በግራ በኩል የተኛውን አይታ፣ "ትከሻውን አላጣውም፣ የኔ ነው" አለች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እያስፈቀደች ትገባና አጠገቡ ቆማ ታወራዋለች።

የዘረመል ምርመራው ወራት ይፈጃል ስለተባለ፣ አስከሬኖቹን የሚመረምረው ሐኪም እሳቱ ካልደረሰበት አጥንት ውስጥ የሁለቱንም ክራንቻ ጥርስ አውጥቶ ለካና ቤቴል ወዳለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ደብዳቤ ጻፈ። ያደሳ ዓምና መንጋጋውን ከማስነቀሉ በፊት ጥርስን በሁሉም አቅጣጫ የሚያሳየውን ራጅ የተነሳው እዚያ ነው። ያነሳችው ደግሞ የክሊኒኩ የራጅ ባለሙያ ኤቢሴ ናት፤ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ከነወርቄ ጋር በር ለበር ናቸው።

ኤቢሴ ምስሉን ከፈተች። ያኔ "አትንቀሳቀስ" ስትለው ሳቁ አልቆም ብሎት ሁለቴ ማንሳቷ ትዝ አላት። ክራንቻውን ከጫፉ እስከ ሥሩ ለካች። ሃያ ሰባት ነጥብ አንድ ሚሊ። ደብዳቤውን አየች። ወርቄ የመረጠችው ሰው ጥርስ ሃያ አራት ነጥብ ስምንት ነው። የሌላኛው ሃያ ሰባት ነጥብ ሦስት።

ማሽኑ በዋሸ ብላ ተመኘች። ክሊኒኩ ውስጥ የተቀመጠ አንድ የተነቀለ ጥርስ ካሊፐር በሚባለው የእጅ መለኪያ ለካች፤ ያንኑ ጥርስ ራጅ አንስታ እንደገና ለካችው። ልዩነቱ ሁለት አሥረኛ ሚሊ እንኳ አልሞላም። ሌላ ጥርስ አመጣች። ያው ነው። ያደሳን ለሦስተኛ ጊዜ ለካችና መልሱን ጽፋ ፈረመች።

በማግስቱ ወርቄ ውጤቱን ከሐኪሙ ሰምታ ክሊኒኩ ድረስ መጣች።

"ማሽኑ ስንት ይሳሳታል?"

"ቢበዛ ግማሽ ሚሊ።"

"እኔ ከመረጥኩት ጋርስ ስንት ይለያያል?"

"ከሁለት ሚሊ በላይ።"

ወርቄ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አቀራርባ ክፍተቱን አየችው። "አሥራ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ይህቺን ታህል ሳላውቅ ቀረሁ?"

"እሳት ነው፣ ወርቅዬ። እሳት ትከሻ አያስቀርም።"

ያን ቀን ኢብራር ኮልፌ ሙስሊም መቃብር፣ ያደሳ ደግሞ ቤተክርስቲያን ተቀበሩ።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ወርቄ ኤቢሴን "የኢብራር እናት ጋ አድርሺኝ" አለቻት። የእናቱ የወይዘሮ እሙ ቤት አየር ጤና ነው። ወርቄ ገብታ ከአሮጊቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ባሌ መስሎኝ ሦስት ቀን ከልጅዎ ጋር ሳወራ ነበር።"

"ምን ምን አልሽው?"

"ልጆቹ ደህና ናቸው አልኩት። በሄድክ ዕለት ስለተቆጣሁህ ይቅር በለኝ አልኩት። ያደሳ ግን አልሰማም። እሱ ጋ አንድም ቀን አልሄድኩም።"

ወይዘሮ እሙ የወርቄን ነጠላ ጫፍ ያዙ። ቀስ ብለው፣ "እኔ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ አስከሬን ክፍል አልመጣሁም" አሉ። "ብቻውን ነው ስል ነበር፤ ለካ አንቺ አጠገቡ ነበርሽ።"

ሁለቱም አለቀሱ። በሩ አጠገብ ቆማ የነበረችው ኤቢሴ ጫማዋን አውልቃ ገባችና ከወርቄ ጎን ተቀመጠች።