ስልሳ አንድ አረንጓዴ ህዋሳት

ቤተ ሙከራው ውስጥ «ቆጣሪው» ይሉታል። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አፍጥጦ ህዋስ ሲቆጥር ስለሚውል ነው። ቀልደኞቹ ከመብራት ቆጣሪ የሚለየው ምሳ መብላቱ ብቻ ነው ይላሉ፤ እሱም አይከፋውም።

የሰሞኑ ሥራ የቆዳ ህዋስን ወደ ዓይን ህዋስ መለወጥ ነው። በሽታ አምጪነቱ የወጣለት ቫይረስ ሁለት ነገር ተሸክሞ ይገባል፤ አንዱ ህዋሱን በቆዳነቱ የሚያቆየውን ጂን ዝም ያሰኘዋል፣ ሌላው ብርሃን መቀበል ያስተምረዋል። የተለወጠው አረንጓዴ ያበራል። ህዋሳቱ በሚያድጉበት ሳህን ላይ ሠላሳ አረንጓዴ ከሞላ የቆዳው ባለቤት ለሕክምናው ሙከራ ይመዘገባል፤ ካልሞላ ሳህኑ ላይ በዕለቱ በረኪና ይደፋበታል።

ዘጠነኛው ሳህን የታላቅ እህቱ ቆዳ መሆኑን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ዓይኗ እየደከመ፣ ደረጃ የምትወርደው ግድግዳ እየዳበሰች ነው። ጠዋት ስልሳ አንድ አረንጓዴ ሲቆጥር ደስታው አላስቀምጥ አለውና ስልኩን አነሳ።

«እትዬ፣ ስልሳ አንድ ሆነ።»

«ስልሳ አንድ ምን?»

«የዓይን ህዋስ ነዋ።»

«እኔ ሁለት ዓይን ይበቃኛል፤ የተረፈውን ለሰፈሩ አድል» ብላ ሳቀች።

ጥድፊያው ጉድ ሠራው። የሞተ ህዋስም አረንጓዴ ያበራል፤ ልዩነቱ የሞተው በማይክሮስኮፑ ቀይ ማጣሪያም ማብራቱ ነው። በሁለቱም ሳታዩ አፋችሁን እንዳትከፍቱ እያለ አዲስ ገቢዎችን የሚያስጠነቅቀው ደግሞ ራሱ ቆጣሪው ነው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ማጣሪያውን ወደ ቀይ አዞረው። ሃምሳ ሰባቱ አበሩ።

ስልሳ አንድ ብሎ ቢጽፍ የሚጠይቀው አልነበረም። እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ። አዘነ፤ በራሱም ተናደደ። ከዚያ «አራት» ብሎ ጻፈ።

ኃላፊዋ ወረቀቱን አየችና «በቃ ድፋው። አይዞህ፣ የሌላ ሰው ቆዳ እንሞክራለን» አለችው። በረኪናውን ራሱ አፈሰሰ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ደወለ።

«እትዬ፣ ጠዋት ያልኩሽ ስህተት ነው። አብዛኞቹ ሞተዋል።»

«ስንት ተረፈ?»

«አራት።»

«እነሱስ ደህና ናቸው?»

«ሳያቸው ደህና ነበሩ።»

«በል ጠብቅልኝ። አራትም ቢሆኑ የኔ ናቸው።»

እጁ በረኪና በረኪና ይሸታል።

«እሺ እትዬ» አላት።