ጎጆ የወጣው ኮድ

ፌናን ከየካ አባዶ ሁለት ታክሲ ተጋፍታ ወሎ ሰፈር ቢሮዋ ስትደርስ የሦስት ዓመት ሥራዋን ከቦታው አጣችው።

ፕሮግራማቸው ስካን የተደረገ የአማርኛ ወረቀት ያነባል። ላዩን ባልደረባዋ ኢምራን ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ይጽፈዋል፤ ፊደል ከፊደል የሚለየውን፣ ፍጥነት የሚጠይቀውን የውስጥ ሞተር ደግሞ እሷ ሲ በተባለው ቋንቋ። ሁለቱም እስከ ትናንት በአንድ ፎልደር ነበሩ። ዛሬ የእሷ ፋይሎች ለብቻቸው «ጎጆ» በሚል ፎልደር ተቀምጠዋል።

«ጎጆ አወጣሁሽ እኮ» አለ ኢምራን እየሳቀ። «ተደባልቀን መኖር ይብቃን። ያልታረመው አሮጌው ሞተርሽ ከእኔ ፋይሎች ጎን ተቀምጦ፣ ፓይተን ያረምሽውን አዲሱን ትቶ እሱን እያነሳ አስቸገረኝ።»

ጎጆ መውጣት የወግ የማዕረግ ነገር ነው፤ ልጅ ሲዳር ይባላል። ፌናን ግን የሰማችው «ውጪ» የሚለውን ብቻ ነበር። ቦሌ መንገድ ላይ በየወሩ አዲስ ፎቅ፣ በየፎቁ አዲስ የሶፍትዌር ድርጅት በሚከፈትበት በዚያ ዘመን ለብቻው የተቀመጠ ሥራ ለሌላ ለመስጠት አይከብድም። ዛሬ ለየው፣ ነገ ጠቅልሎ ያስረክበዋል። ሳቁም አልጣማትም። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? እሷ ግን ስንጥሩን ስትፈልግ ገንፎውን ደፋችው።

በማግስቱ ማንም ሳይገባ ገብታ የድሮውን ፎልደር ከራሷ ቅጂ እንዳለ መለሰችው፤ ከነአሮጌው ሞተር መሆኑን ልብ አላለችም። ሞክራም አላየችው።

አራት ሰዓት ላይ ሁለቱ ፕሮግራሙን ለማሳየት ቦሌ፣ ደንበኛቸው ቢሮ ተገኙ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ኑሪ የራሳቸውን ደብዳቤ ስካን አደረጉ። ፕሮግራሙ «ኑራ» ብሎ አነበበ።

«ጭራሽ ስሜን ቀየራችሁት?» አሉ፤ አልሳቁም።

ፌናን ክው አለች። «ሪ»ን ከ«ራ» የሚለየውን እርማት ባለፈው ወር የሠራችው ራሷ ናት፤ እርማቱ ያለው ደግሞ አዲሱ ሞተር ላይ ብቻ ነው። ኢምራን ኮምፒውተሩን ጥቂት ነካካና ቀና አለ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላጣራ መጣሁ። ነገ አስተካክለን እናሳይዎታለን።»

አሳንሰር ሲጠብቁ ፌናን በሐፍረት አንገቷን ደፍታ ነበር።

«ፎልደሩን ማን እንደመለሰው አይተሃል አይደል?»

«የለውጥ መዝገቡ ላይ ስምሽ ተጽፏል።»

«ሥራዬን ልትወስድብኝ መስሎኝ ነው።»



«እስከ ዛሬ የአንቺን ኮድ ከፍቼ አጣርቼ አላውቅም» አለ ኢምራን። «ፌናን ሠራችው ከተባለ ይበቃኝ ነበር። ከዛሬ በኋላ ግን እያንዳንዷን መስመር አያታለሁ።»