ለሁለት ሰው አንድ ታሪክ

«እሺ፤ ከሥራ ባልደረባሽ ጋር ያልተስማማሽበትን ጊዜ ንገሪን» አለ ላጲሶ፣ ድምፁን እንደ ትልቅ ሰው አጎርንኖ።

ገንዘቤ ሳቋን ዋጠች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የሰኞውን የሥራ ቃለ መጠይቅ ሊለማመዱ አትላስ አካባቢ አንዲት ኬክ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ከመንገዱ ማዶ ባለው የኮምፒዩተር መሸጫ ሁለቱ ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። እሱ ፕሮግራም ይጽፋል፤ እሷ ደንበኞችን ታሠለጥናለች። የመሸጫው ባለቤት ሱቁን ሊዘጋ መሆኑን ሲነግራቸው ግን ሁለቱም ለአንድ የሥራ ቦታ አመለከቱ። ቦሌ መንገድ ላይ አዲስ የተከፈተ የሶፍትዌር ኩባንያ «ፕሮዳክት ማናጀር» ይፈልጋል። ስሙ ለጆሮ አዲስ ቢሆንም ሥራው ይገባቸዋል፤ ፕሮግራሙ ለደንበኛው ምን መሥራት እንዳለበት ማወቅና ፕሮግራመሮቹን ማሳመን ነው።

እዚያ የተቀጠረው የአክስቷ ልጅ አዶኒያስ «ስለ ዲግሪሽ ብዙም አይጠይቁሽም» ብሏታል። «በሥራ ላይ የገጠመሽን ተናገሪ ነው የሚሉሽ። ምን ገጠመሽ፣ ምን አደረግሽ፣ ምን ተገኘ። ካሸነፍሽበት ላይ አቁሚ።» ምክሩን ዕለቱን ለላጲሶ አካፍላዋለች።

«ሾላ ገበያ አጠገብ አንድ ፋርማሲ ነበር» ብላ ጀመረች።

የላጲሶ ቅንድብ ከፍ አለ።

«የሽያጭ ፕሮግራም ሠራንላቸው። ፕሮግራሙ ቀድሞ ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንድ ቀን ከሻጯ ከፈቲያ ጎን ተቀምጬ ዋልኩ። መድኃኒቱ በካርቶን ይመጣል፤ እሷ አንድ በአንድ እስክታስገባው በሽተኛው ማዘዣውን ይዞ ይቆማል። መደርደሪያው ላይ እያየው ኮምፒዩተሩ ‹የለም› ይለዋል። ፈቲያ ሲመርራት ኮምፒዩተሩን አጥፍታ ወደ ካርኒዋ ተመለሰች። ፕሮግራሙ ይስተካከል ስል ባልደረባዬ አሻፈረኝ አለ። ‹ጥፋቱ የሰዎቹ ነው› አለ፤ ያውም በደንበኛው ፊት። እኔ ግን አልተውኩትም፤ ፋርማሲው ድረስ ወስጄ ሰልፉን አሳየሁት። በመጨረሻ ተስተካከለ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይሠሩበታል።»

ላጲሶ ማኪያቶውን አማሰለ።

«በጣም ጥሩ ነው» አለ። «ይኼን ከሰሙ በኋላ ግን እኔን ማን ይቀጥረኛል?»

«ስምህን አልጠራም እኮ!»

«እኔስ ከዚያ ፋርማሲ ሌላ ምን የምነግራቸው አለኝ? ‹ሐሳብህን የቀየርክበትን ጊዜ ንገረን› ቢሉኝ እሱኑ ነው የማወራው። አንድ ፋርማሲ ሁለቴ ሲሰሙ ያ ግትር ሰውዬ ማን እንደሆነ የሚጠፋቸው ይመስልሻል?»

«ግትር አልነበርክም ታዲያ?»

«ነበርኩ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ከፊቱ ጠፋ። «‹ተስተካከለ› አልሽ። በራሱ ጊዜ ነው የተስተካከለው? እሁድ ቸርች እንኳ ቀርቼ ማን ነው ሲሠራ የዋለው? ‹መጀመሪያ ይሽጡ፣ ምዝገባው ማታ ይወራረድ› የሚለውን ማን ነው ያሰበው?»

«አንተ ነህ። ግን እኮ ላጲሶ፣ የሚፈትኑት እኔን ነው።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለ ረጋ ብሎ።

ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ጥቂት ተጨዋውተው ተለያዩ። ገንዘቤ እሁድን ሌላ ታሪክ ስትፈልግ ዋለች። ታይፒስቶችን ያሠለጠነችበትን አነሳች፤ ኮምፒዩተር በስህተት የተላከለትን ነጋዴ አነሳች። ሁሉም ከአፏ ሲወጣ ውኃ ውኃ ይላል። የፋርማሲውን የሚያህል አጣች።

ሰኞ ጠዋት ኩባንያው ሲደርሱ መጀመሪያ የተጠራችው እሷ ናት። ላጲሶ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ውስጥ ሁለት ሰዎች ጠበቋት፤ ወይዘሮ የሺአረግ የሚባሉ መነጽር ያደረጉ ሴትዮና ዝም ብለው የሚያዳምጡ ሸበቶ ሰው፣ አቶ ዘርአጽዮን።

ከጥቂት ጥያቄዎች በኋላ ወይዘሮ የሺአረግ «ከሥራ ባልደረባሽ ጋር ያልተስማማሽበትን ጊዜ ንገሪን» አሏት።

ገንዘቤ ነገረቻቸው። ካርቶኑን፣ ሰልፉን፣ የፈቲያን ካርኒ። ሁለቱም ወደ ፊት ዘንበል ብለው ሰሟት። ላጲሶን ፋርማሲው ድረስ ወስዳ ያሳየችበት ላይ ስትደርስ ወይዘሮ የሺአረግ ፈገግ አሉ። አዶኒያስ አቁሚ ያለው ቦታ ይኸው ነው። ገንዘቤ ግን አላቆመችም።

«ያስተካከለው ግን እኔ አይደለሁም» አለች። «ሰልፉን ካየ በኋላ እሁድን ሙሉ ሲሠራበት ዋለ። ማክሰኞ ፕሮግራሙን ይዞ መጣ። ቀድሞ የተሸጠው ማታ እንዲወራረድ አድርጎታል። እኔ ‹ክልከላው ይነሳ› ብቻ ነበር ያልኩት፤ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ሒሳባቸው ይዘበራረቅ ነበር። መላውን ያገኘው እሱ ነው።»

«ይህ ባልደረባሽ አሁን የት ነው የሚሠራው?»

«ውጭ ተቀምጧል። ከእኔ ቀጥሎ ይገባል።»

ሁለቱ ተያዩ። አቶ ዘርአጽዮን ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። «እኛ የምንፈልገው አንድ ሰው ነው። ከሁለታችሁ ማንን ብንወስድ ይሻላል ትያለሽ?»

ለማረፍ ዝቅ ያለ አውሮፕላን መስኮቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ። «ያንን እናንተ ታውቃላችሁ» የሚለው ጨዋ መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። «እሱን ውሰዱት» የሚለውም ብልጭ አለላት። እውነት ግን ሆኖ አላገኘችውም።

«እኔን» አለች። «መላ ሲፈልግ እሱን የሚስተካከለው የለም። ለዚህ ሥራ ግን ማንም ሳይልከው ፋርማሲ ሄዶ የሚቀመጥ ሰው ነው የሚያስፈልጋችሁ። ያንን ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

ስትወጣ ላጲሶ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ምን ጠየቁሽ?»

«ኋላ ትደርስበታለህ» ብላ ማለፍ ትችል ነበር። ቆመች።

«ከሁለታችሁ ማን ይሻላል አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

«‹እኔን› አልኳቸው። አንተንም መጠየቃቸው አይቀርም። እንዳትሽኮረመም፤ ‹እኔን› በላቸው፤ ምክንያትህን ግን አሁኑኑ አስብ።»